የትንሽ ሳተላይት ሚሞሪ ስንት ጊጋ ይበቃዋል? ከእንጦጦ አንቴና የሚጀምር ስሌት

ፒያሳ ካሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ወደ አንዱ ገብቶ «ሚሞሪ አለ?» ያለ ሰው የሚመለስለት ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፦ «ስንት ጊጋ?»። ለስልክና ለካሜራ ጥያቄው ትክክል ነው። ትንሽ ሳተላይት ለሚነድፍ ቡድን ግን ጊጋባይት ከሁሉ የረከሰው ነገር ነው፤ ገንዘቡም ጭንቀቱም የሚሄደው ሌላ ቦታ ነው። ያም ሆኖ የመጀመሪያ ንድፎችን ስናይ አብዛኞቹ የሚጀምሩት ከመጠን ነው፤ የሚጨርሱትም 64 ጊጋ ኤስዲ ካርድ ቦርዱ ላይ በመሰካት ነው።

ጉዳዩ አሁን መነሳቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ሲመጥቅ ክብደቱ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር። በዓመቱ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. የተከተለው ኢቲ-ስማርት-አርኤስኤስ 9 ኪሎ እንኳ አልሞላም። ሁለቱም ከቻይና አጋሮች ጋር የተሠሩ ናቸው። ቀጣዩ እርምጃ ቢያንስ አንዳንዱን ቦርድ እዚሁ መንደፍ ከሆነ፣ የመረጃ ማከማቻው ቦርድ ለመጀመሪያነት የሚመች ነው ባዮች ነን። ቺፖቹ ርካሽ ናቸው፤ የኤሌክትሪክ ዑደቱ ለተማሪ የሚገባ ነው፤ ከሁሉም በላይ አብዛኛው ስህተት ጠረጴዛ ላይ፣ ያለ ውድ መሣሪያ ሊያዝ ይችላል። የኪዩብሳት (በመደበኛ የኩብ መጠን የሚሠራ ትንሽ ሳተላይት) ቦርድ የተለመደው ስፋት 90 በ96 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከእጅ መዳፍ ብዙም አይበልጥም።

ስሌቱ መጀመር ያለበት ከመሬት ነው። 500 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ በዋልታዎች በኩል የሚዞር ሳተላይት አንዱን ዙር በ94.6 ደቂቃ ይጨርሳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ምድር ከሥሩ 23.6 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ትዞራለች። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ወደ ሰሜን ስለሆነች፣ እያንዳንዱ ዙር ከቀዳሚው ወደ 2,600 ኪሎ ሜትር ርቆ ያልፋል። እንጦጦ ላይ ያለ አንቴና ሳተላይቱን ከአድማስ 10 ዲግሪ በላይ ሲወጣ ብቻ ያነጋግረዋል ብንል፣ ሊያየው የሚችለው ግራና ቀኝ 14 ዲግሪ ያህል ነው። ሲካፈል በቀን በአማካይ 2.4 ማለፊያ ይወጣል፤ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ሌሊት። አንዱ ማለፊያ ቢበዛ 7 ደቂቃ ከምናምን፣ በአማካይ 6 ደቂቃ ይቆያል። ሰሜን ዋልታ አጠገብ ስቫልባርድ ላይ ያለ ጣቢያ ይህንኑ ሳተላይት በየዙሩ ማለት ይቻላል ያገኘዋል፤ በቀን 15 ጊዜ። የእኛው ሳተላይት ግን የሰበሰበውን ተሸክሞ በአንድ ጊዜ 10 እና 12 ሰዓት መዞር አለበት። ማከማቻው ለእኛ ከሌሎች ይልቅ የሚከብደው ለዚህ ነው።

ችግሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 መጀመሪያ የመጠቀው ኤክስፕሎረር 1 መቅጃ ስላልነበረው መረጃው የሚገኘው ጣቢያ ባለበት ላይ ሲያልፍ ብቻ ነበር። በመጋቢት የተከተለው ኤክስፕሎረር 3 ትንሽ የቴፕ መቅጃ ይዞ ወጣ። ምድርን የከበበው የጨረር ቀበቶ መኖሩ የተረጋገጠው ያ መቅጃ የሙሉ ዙር መረጃ ይዞ ስለተመለሰ ነው።

አሁን ቁጥሩን እናስገባ። 2,048 በ1,536 ነጥብ ያለው የካሜራ ዳሳሽ፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ 2 ባይት ቢይዝ፣ አንድ ፎቶ 6.3 ሜጋባይት ነው። ሬዲዮው በሴኮንድ 9,600 ቢት የሚልክ ከሆነ በ6 ደቂቃ 432 ኪሎባይት ያወርዳል፤ ከራስጌው (ከመረጃው ፊት ከሚላኩት የመለያ ቢቶች) እና ከድጋሚ መላኩ በኋላ ለሥራ የሚተርፈው 300 ኪሎባይት አካባቢ ነው። በቀን ሁለት ማለፊያ ብንይዝ አንድ ፎቶ ሳይጨመቅ እስኪወርድ 10 ቀን ይፈጃል። እንዲህ ላለ ሳተላይት 64 ጊጋ መግዛት ለአንድ ጀሪካን ውኃ ሮቶ እንደ መትከል ነው። ሬዲዮው በኤስ ባንድ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ቢልክ ነገሩ ይለወጣል፦ በአንድ ማለፊያ 90 ሜጋባይት፣ የሚተርፈው 70 ያህል፣ በቀን 140 ሜጋባይት፣ ማለትም 22 ፎቶ።

ቀጥሎ «ጣቢያው ስንት ቀን ሊዘጋ ይችላል?» ተብሎ ይጠየቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እንጦጦ ተራራ ላይ መብረቅ አለ፤ መብራት ይሄዳል፤ የአንቴናው ሞተር ሊበላሽና ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ሊቆይ ይችላል። 14 ቀን እንያዝ። 140 በ14 ሲባዛ 1,960 ሜጋባይት፣ ማለትም 2 ጊጋ ነው። ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ባንኮች (የሚሞሪ ክፍሎች) አድርገን እያንዳንዱን 2 ጊጋ ብናደርገው፣ አንዱ ቢሞት እንኳ ሌላው የሁለት ሳምንቱን ሸክም ብቻውን ይችላል። መጠኑ በዚህ አለቀ፤ 4 ጊጋባይት።

ይህን የሚሞሉት እያንዳንዳቸው 4 ጊጋቢት (ግማሽ ጊጋባይት) የሆኑ 8 የናንድ ፍላሽ ቺፖች ናቸው፤ በየባንኩ አራት። የሚመረጠው ኤስኤልሲ የሚባለው፣ በአንድ ሴል አንድ ቢት ብቻ የሚይዘው ዓይነት ነው። በሱቅ ካርዶች ውስጥ ያለው ቲኤልሲ በአንድ ሴል ሦስት ቢት ያጭቃል፤ ስለዚህ ስምንት የቻርጅ ደረጃዎችን መለየት ይኖርበታል፤ በደረጃዎቹ መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው፤ ትንሽ ቻርጅ ሲያፈስ ንባቡ ይሳሳታል። ኤስኤልሲ ሁለት ደረጃ ብቻ ስላለው መሃሉ ሰፊ ነው። በኤስፒአይ (በጥቂት ሽቦዎች ቺፕን ከቺፕ በሚያገናኝ መስመር) የሚገናኘው የኤስኤልሲ ናንድ 8 እግር ብቻ አለው፤ በእግሮቹ መካከል 1.27 ሚሊ ሜትር ርቀት አለ፤ በእጅ ሊበየድ፣ በአጉሊ መነጽር ሊታይ ይችላል።

ኤስዲ ካርድ ይዘው ወጥተው ሥራቸውን በሰላም የጨረሱ ኪዩብሳቶች ብዙ መሆናቸው አይካድም። ለጥቂት ወራት ለሚቆይ የትምህርት ሳተላይት አንከለክልም። ችግሩ በካርዱ ውስጥ የተቀመጠው ሌላ ኮምፒውተር ነው። ያ መቆጣጠሪያ መረጃን በራሱ ፈቃድ ከቦታ ቦታ ያዛውራል፤ መቼ እንደሚያዛውር አይነግርም፤ በዚያ ቅጽበት ኃይል ቢቋረጥ የጠፋው እናንተ የጻፋችሁት ፋይል ሳይሆን ከወር በፊት የተቀመጠ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል። ፍላሹን ሳያወጣ መብራት የሄደበት ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል። በዚያ ላይ የካርዱ ማቀፊያ በምጠቃ ንዝረት የሚላቀቅ የስፕሪንግ መነካኪያ አለው። «64 ጊጋ» የሚል ተለጥፎበት ውስጡ 8 የሆነ ካርድም በገበያው አለ፤ እስከ ጫፉ ሞልቶ መልሶ ካላነበቡት አይታወቅም።

ወደ ጨረሩ እንምጣ። እዚህ ላይ አዲስ አበባ አንድ የሚገርም ዕድል አላት። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ በኩል ያልፋል፤ አራት ኪሎ ያለው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መግነጢሱን የሚለካው ቦታው ለዚሁ ስለሚፈለግ ጭምር ነው። ሳተላይት ከእንጦጦ በላይ ሲያልፍ መግነጢሱ ከጠፈር የሚመጡትን ቅንጣቶች በደንብ ይመክትለታል። ዋናው አደጋ ያለው ብራዚልና ደቡብ አትላንቲክ ላይ፣ መከላከያው በሚሳሳበት ሰፊ ክልል ነው። ሳተላይቱ በቀን ውስጥ በተደጋጋሚ ያልፍበታል። ንድፉ ይህን በነጻ ሊጠቀምበት ይችላል፦ ሶፍትዌሩ የራሱን ቦታ ስለሚያውቅ፣ እዚያ ክልል ሲገባ መጻፍና ማጥፋት አቁሞ ባንኮቹን ከኃይል ያላቅቃል። ናንድ ፍላሽ ኃይል ባይኖረውም መረጃውን አይረሳም፤ የተዘጋ ቺፕ ደግሞ በጨረር የሚደርስበት ጉዳት ያነሰ ነው።

ጨረር የሚያመጣው ጉዳት ሦስት ዓይነት ነው፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። አንደኛው ቀስ በቀስ የሚጠራቀመው ነው። 2 ሚሊ ሜትር አሉሚኒየም ከለላ ያለው ቺፕ በዚህ ከፍታ በዓመት ጥቂት ኪሎራድ (የጨረር መጠን መለኪያ) ይወስዳል። በናንድ ውስጥ ቀድሞ የሚደክመው ሴሉ ሳይሆን ለመጻፍና ለማጥፋት የሚያስፈልገውን 20 ቮልት ገደማ ከ3.3 ቮልት የሚያመነጨው የቻርጅ ፓምፕ ነው። ምልክቱም ግልጽ ነው፦ ማንበብ ይሠራል፣ ማጥፋት እየረዘመ ይሄዳል፣ በመጨረሻ እምቢ ይላል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ እያንዳንዱ ብሎክ (በአንድ ላይ የሚጠፋ የቺፑ ክፍል) ለመጥፋት የወሰደበትን ጊዜ መዝግቦ ወደ መሬት ቢልክ፣ ቺፑ ከመሞቱ ወራት በፊት ይታወቃል። ወጪው በአንድ መዝገብ 2 ባይት ነው። በነገራችን ላይ ቃሊቲ የገንዲ በሽታ አስተላላፊ ዝንብን ወንዶች በጨረር ለማምከን የተቋቋመ ማዕከል አለ። ለዚያ ዓይነት ሥራ የሚሰጠው መጠን 120 ግሬይ፣ በሳተላይት ሰዎች አቆጣጠር 12 ኪሎራድ ገደማ ነው። ዝንቡን የሚያመክነው መጠን ለትንሽ ሳተላይት ቺፕ የጥቂት ዓመታት ድርሻው ነው።

ሁለተኛው ቢት መገልበጥ ነው፤ 0 የነበረው 1 ይሆናል። ለዚህ የሚበጀው የማረሚያ ኮድ ነው። የመረጥነው ዓይነት ቺፕ ገጹ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚጻፈው ክፍል፣ 4,096 ባይት ሲሆን ከጎኑ 256 ትርፍ ባይት አለው። ገጹን በ512 ባይት ስምንት ቦታ ከፍለን ለእያንዳንዱ 8 ቢት የሚያርም የቢሲኤች ኮድ ብንሰጠው 104 ቢት፣ ማለትም 13 ባይት ይጠይቃል። ለስምንቱ 104 ባይት ይሆናል፤ 152 ይተርፋል። ቺፑ የራሱ የውስጥ ማረሚያ አለው፤ ቢሆንም አጥፍቶ በራስ መሥራት ይመረጣል፤ ቺፑ ስንት ቢት እንዳረመ በትክክል ስለማይነግር። የሚያስፈልገን ግን ያ ቁጥር ነው። አንድ ክፍል 5 የተገለበጡ ቢቶች ሲታዩበት አሁንም ይታረማል፤ ግን መረጃውን ወደ አዲስ ብሎክ ማዛወሪያው ጊዜ ያኔ ነው። 9 እስኪሆን የጠበቀ መረጃውን አጣ። ለዚህ ሲባል ሁሉም ገጽ ባይፈለግም በየጊዜው መነበብ አለበት፤ በሴኮንድ 5 ሜጋባይት ቢነበብ አንዱ ባንክ በ7 ደቂቃ ያልቃል፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ይበቃል።

ሦስተኛው ላችአፕ ነው። የምንቆይበትም እዚህ ነው፤ ቺፕ የሚገድለው እሱ ስለሆነ። አንድ ከባድ ቅንጣት ሲሊከኑን ሲበሳ ከኃይል መስመር ወደ ግራውንድ አቋራጭ ይከፈታል፤ አንዴ ከተከፈተ ኃይሉ እስኪቋረጥ አይዘጋም። በዝምታ ሊቀጥል ይችላል፤ ቺፑ ይግላል፤ በጠፈር ደግሞ ሙቀቱን የሚወስድ አየር የለም። መድኃኒቱ እንደ ቤት ብሬከር ነው፦ የጅረቱን መጠን የሚለካና የሚቆርጥ ማብሪያ። ቺፑ ሲጽፍም ሲያጠፋ ከ35 ሚሊአምፔር አይበልጥም። በአንድ ባንክ በአንድ ጊዜ አንድ ቺፕ ብቻ እንዲሠራ ብናደርግ፣ 120 ሚሊአምፔር ላይ የሚቆርጥ ማብሪያ ምቹ ነው። ከተቆረጠ በኋላ አንድ ሴኮንድ ይጠበቃል፤ ይመለሳል፤ በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ ባንኩ ተዘግቶ ከመሬት ትእዛዝ ይጠብቃል። ማብሪያው ገና ሲበራ ከኋላው ያለው 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ሲሞላ ለአፍታ ብዙ ጅረት ይስባል፤ ያንን ላችአፕ ብሎ እንዳይቆርጥ ለመጀመሪያዎቹ 2 ሚሊሴኮንድ ዓይኑን እንዲጨፍን ይደረጋል።

ይህን ሁሉ አሟልተው የሚወድቁ ንድፎች አሉ፤ የሚወድቁበትም ቦታ ተመሳሳይ ነው። ማብሪያው የቺፑን ዋና ኃይል ይቆርጣል፤ ማይክሮኮንትሮለሩ (ቦርዱን የሚያዝዘው ትንሽ ኮምፒውተር) ግን አሁንም በኤስፒአይ መስመሮቹ ላይ 3.3 ቮልት ይዟል። ጅረቱ በመረጃ እግሮቹ ገብቶ በውስጥ መከላከያ ዳዮዶች በኩል ወደ ኃይል መስመሩ ይዞራል። በር ተዘግቶ በመስኮት መግባት ማለት ነው። ቮልትሜትር ብታስቀምጡ ተቋረጠ በተባለው መስመር ላይ 2 ቮልት ከምናምን ታነባላችሁ፤ ላችአፑም ሳይለቅ ይቀጥላል። መስመሮቹን ወደ 3.3 ቮልት የሚስቡት ሬዚስተሮችም እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ የሚታሰሩት ከማብሪያው በኋላ ካለው ኃይል ጋር ነው። ሁለት መፍትሔ አለ፤ በመካከል ኃይል ሲያጣ መስመሩን የሚለቅ ባፈር (ምልክት አስተላላፊ ቺፕ) ማስገባት፣ ወይም ሶፍትዌሩ ከመቁረጡ በፊት ሁሉንም መስመር ወደ ዜሮ እንዲያወርድ ማድረግ። ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ እኛ ግን የምናምነው የመጀመሪያውን ነው፤ ማይክሮኮንትሮለሩ ራሱ በዚያው ቅንጣት ደንዝዞ ሊሆን ይችላልና።

የኃይል መቋረጥ ሌላው ትልቁ ርዕስ ነው፤ ለአዲስ አበባ አንባቢ ብዙ ማብራራት አይጠይቅም። ባትሪው ሲዳከም ሳተላይቱ ሳያስጠነቅቅ ሊጠፋ ይችላል። አንድ ብሎክ ለማጥፋት በተለምዶ 2፣ ቢበዛ 10 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል። በዚያ መሃል ኃይል ከሄደ ብሎኩ ግማሽ የጠፋ ሆኖ ይቀራል፤ ዛሬ ሲነበብ ትክክል፣ ነገ ስህተት። ስለዚህ ቢያንስ 10 ሚሊሴኮንድ የሚያቆይ ጥሪት ያስፈልጋል። ቺፑ 35፣ ማይክሮኮንትሮለሩ 20፣ ድምር 55 ሚሊአምፔር። ቺፑ እስከ 2.7 ቮልት ይሠራል፤ ከ3.3 እስከዚያ 0.6 ቮልት አለን። 55 ሚሊአምፔር በ10 ሚሊሴኮንድ ተባዝቶ ለ0.6 ሲካፈል 917 ማይክሮፋራድ ይወጣል። ሦስት ባለ 470 ታንታለም ካፓሲተሮች 1,410 ይሆናሉ፤ 20 በመቶ ቢጎድሉም ይበቃሉ። የቮልት መጠናቸው 10 ይሁን፤ ታንታለም ከተጻፈበት ግማሽ በላይ ሲጫን በአጭር ዙር የመሞት፣ አንዳንዴም የመቃጠል ልማድ አለው። ተራ የኤሌክትሮላይት ካፓሲተር ውስጡ ፈሳሽ ስላለ ለቫኪዩም አይሆንም።

ካፓሲተሮቹ የት ይቀመጡ? ከላችአፕ ማብሪያው በፊት። ከኋላው ከተቀመጡ ማብሪያው ሲቆርጥ ያጠራቀሙትን ሁሉ በተጎዳው ቺፕ ላይ ያፈሱታል። ከፊታቸው ደግሞ ጅረት ወደ ቀሪው ሳተላይት ተመልሶ እንዳይፈስ የሚያግድ ዳዮድ ያስፈልጋል። እዚህ ርካሽ ሾትኪ ዳዮድ የሚያደርግ ሰው 0.3 ቮልት ከመነሻው ያጣል፤ የተረፈው 0.3 ስለሆነ የሚያስፈልገው ካፓሲተር ወደ 1,830 ማይክሮፋራድ ያድጋል። በትራንዚስተር የሚሠራው አቻው ዋጋው ትንሽ ከፍ ቢልም በቦታም በክብደትም ይክሳል። ከዳዮዱ በፊት ያለው ቮልት ከ3.1 ሲወርድ የሚያስጠነቅቅ ትንሽ ቺፕ ይጨመራል፤ ማስጠንቀቂያው ሲመጣ የተጀመረው ይጨረሳል፣ አዲስ ማጥፋት አይጀመርም። ብዙ ሥራ ይመስላል፤ ጠቅላላው ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም በማይበልጥ ቦታ ላይ ያርፋል።

ስለ ፍላሽ ሲወራ «መጻፍ ያልቅበታል» የሚለው ፍርሃት ቀድሞ ይነሳል። በስሌት እንየው። 2 ጊጋውን ባንክ በቀን 140 ሜጋባይት ብንሞላው በየ15 ቀኑ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ብሎክ በዓመት 24 ጊዜ ያህል ይጠፋል። ኤስኤልሲ እስከ 100,000 ይችላል። ለፎቶዎቹ ፍርሃቱ መሠረት የለውም። አሁን ደግሞ «የት ጋ ደረስኩ?» የሚለውን ማውጫ በየሴኮንዱ እዚያው ብሎክ ላይ አጥፍተን ብንጽፈው፦ ቀን 86,400 ሴኮንድ ነው፤ 100,000ው በ28 ሰዓት አለቀ። ሳተላይቱ ከሮኬቱ በተለየ ማግስት ማውጫው ሞተ ማለት ነው። ፋት የሚባለው የተለመደው የፋይል ሥርዓትም የፋይል ማውጫውን አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ የሚጽፍ ነው፤ ኃይል ሲሄድ ቀድሞ የሚበላሸውም ያው ማውጫ ነው።

ስለዚህ ማውጫውና ቆጣሪዎቹ ወደ ሌላ ዓይነት ሚሞሪ ይሄዳሉ። 4 ሜጋቢት፣ ማለትም 512 ኪሎባይት የሆነ ኤምራም ወይም ኤፍራም ይበቃል። ሁለቱም እንደ ፍላሽ ቀድሞ ማጥፋት ሳያስፈልግ በቀጥታ ይጻፍባቸዋል፤ በሳተላይት ዕድሜ የሚያልቁ አይደሉም፤ ሴሎቻቸው መረጃን በቻርጅ ስለማይዙ ቅንጣት አይገለብጣቸውም። ዙሪያቸው ያለው የኤሌክትሪክ ዑደት ግን ተራ ሲሊከን ስለሆነ እነሱም የላችአፕ ማብሪያ ይፈልጋሉ። ኤምራም የሚሠራው በመግነጢስ በመሆኑ አቅጣጫ ማስተካከያው ማግኔት አጠገብ ማስቀመጥ አይገባም፤ ቦርዶቹ አንዱ በአንዱ ላይ ሲደረደሩ ይህ በቀላሉ ይዘነጋል።

ፎቶዎቹ እንደ ክብ መዝገብ በተራ ይጻፋሉ፤ የፋይል ሥርዓት አያስፈልግም። በእያንዳንዱ ገጽ ትርፍ ባይቶች ውስጥ 4 ባይት ተራ ቁጥር፣ 4 ባይት ሰዓት፣ 2 ባይት የፎቶ መለያ፣ 4 ባይት ሲአርሲ (መረጃው አለመበላሸቱን ማረጋገጫ ቁጥር) ይገባል። ኤምራሙ ቢሞት እንኳ ሶፍትዌሩ ገጾቹን አንብቦ ማውጫውን ከባዶ መሥራት ይችላል። መዝገቡ ሲሞላስ? አሮጌው ይጥፋ ወይስ ካሜራው ያቁም የሚለው ከምጠቃ በፊት መወሰን አለበት። ማርስ ላይ ያረፈችው ስፒሪት እ.ኤ.አ. ጥር 2004፣ በ18ኛ ቀኗ ዝም ያለችው በዚህ ዓይነት ነገር ነው፦ ፍላሹ ላይ ፋይል በዝቶ ማውጫው ለራሱ ከተመደበለት ራም በለጠ፤ ኮምፒውተሩ ፍላሹን ለመክፈት ይሞክራል፣ ይወድቃል፣ እንደገና ይነሳል፣ እንደገና ይወድቃል። ያዳናት ፍላሹን ሳትከፍት እንድትነሳ የሚያደርግ ትእዛዝ መኖሩ ነው። የእኛም ቦርድ ሁለቱንም ባንኮች ሳይነካ መነሳት የሚችልበት መንገድ ይኑረው።

ብየዳውን በተመለከተ ከተማው ከሚታሰበው በላይ አቅም አለው። ሞባይል ጠጋኞች በሆት ኤር የሚያነሱትና የሚተኩት የስልክ ሚሞሪ 153 ትንንሽ የብየዳ ኳሶች አሉት፤ በመካከላቸው ግማሽ ሚሊ ሜትር። ያንን በአጉሊ መነጽር ሥር የሚሠራ እጅ ባለ 8 እግሩን ቺፕ ለመበየድ አይቸገርም። የሚለወጠው ዕቃው ነው። ለሳተላይት 63 በመቶ ቆርቆሮ፣ 37 በመቶ እርሳስ የሆነው፣ በ183 ዲግሪ የሚቀልጠው መበየጃ ይመረጣል፤ ንጹሕ ቆርቆሮ ከጊዜ በኋላ ጸጉር የመሰለ ክር አብቅሎ እግርን ከእግር ያገናኛል። ፍላክሱ (ለብየዳ የሚቀባው ማጽጃ) በአይሶፕሮፒል አልኮል ታጥቦ መድረቅ አለበት። ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የተገዛ ሲሊኮን ለማጣበቂያ እንዳይገባ፤ በቫኪዩም የሚተንነው ሄዶ የሚያርፈው ካሜራው መስታወት ላይ ነው።

ቺፖቹ ከመጡ በኋላ፣ ከምንም ነገር በፊት፣ የፋብሪካውን ምልክት ማንበብ ይገባል። 2,048 ብሎክ ካለው ቺፕ ውስጥ እስከ 40 የሚደርሱት ገና ከፋብሪካ የተበላሹ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አምራቹ በመጀመሪያ ገጻቸው ትርፍ ባይት ላይ ምልክት ያደርግባቸዋል። ቺፑ ይሠራ እንደሆነ ለማየት ሁሉንም ያጠፋ ሰው ምልክቱንም አብሮ አጠፋው፤ ከዚያ በኋላ ጤነኛውን ከበሽተኛው የሚለይበት መንገድ የለም። ዝርዝሩ ቀድሞ ተነብቦ ኤምራሙ ላይ በሦስት ቅጂ፣ ኮምፒውተር ላይም በአንድ ቅጂ ይቀመጣል።

ከዚያ ፈተናው። ለቅዝቃዜ መጀመሪያ የቤት ፍሪዘር 18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይሰጣል፤ ቦርዱ ከሲሊካ ጄል ጋር በታሸገ ፕላስቲክ ካልገባ ሲወጣ ውኃ ያዥበታል። ለሙቀቱ ግን አዲስ አበባ ላይ ተለክቶ «አይግልም» የተባለ ቦርድ አያስተማምን፤ በ2,355 ሜትር አየሩ ቢሳሳም አሁንም ያቀዘቅዛል፤ ቫኪዩም ውስጥ ያለው ብቸኛ መውጫ በመዳብ ንጣፉና በቦርዱ ማሰሪያ ብሎኖች በኩል ነው።

ከሁሉም የሚልቀው ፈተና አንድ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ)፣ አንድ ርካሽ ማይክሮኮንትሮለርና አንድ ሌሊት ብቻ ይጠይቃል። ቦርዱ ያለማቋረጥ ተራ ቁጥር ያላቸውን ገጾች ይጽፋል፤ ሪሌዩ በ3 እና በ7 ሴኮንድ መካከል፣ ባልታወቀ ቅጽበት ኃይሉን ይቆርጣል፣ ይመልሳል። 10,000 ጊዜ ለመቁረጥ 14 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ማታ 12 ሰዓት የተጀመረ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ያልቃል። የሚመዘግበው ኮምፒውተር ዩፒኤስ ላይ ይሁን፤ ያለበለዚያ ሌሊት መብራት ሲሄድ ፈተናው ራሱ ይቋረጣል። ጠዋት መዝገቡ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይነበባል። በየቁርጡ የመጨረሻዋ ገጽ ብቻ ጎድላ ከተገኘች ሥራው ተሳክቷል። ከመሃል ቁጥር ከተዘለለ ማውጫው የተሻሻለው ገጹ ተጽፎ ሳያልቅ ቀድሞ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ይገለበጥ። ቁጥሩ ሙሉ ሆኖ ሲአርሲው የማይገጥም ገጽ ከታየ ካፓሲተሮቹ 10 ሚሊሴኮንድ አላቆዩም፤ ኦሲሎስኮፑ ቺፑ እግር ላይ ይሰካና ከ3.3 ወደ 2.7 ስንት እንደወሰደ ይለካ። አንድ ሙሉ ብሎክ ከጠፋ ደግሞ የማስጠንቀቂያው ምልክት ወደ ማይክሮኮንትሮለሩ ደርሶ እንደሆነ ይታይ፤ ብዙ ጊዜ ያ መስመር የተበየደው የተሳሳተ እግር ላይ ነው።